«ዲግሪ ይዘሽ ካርድ ታወጫለሽ?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ስጽፍልዎት ግን የመጀመሪያዬ ነው። የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። እዚሁ ጅማ አንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። በማኔጅመንት ዲግሪ አለኝ። ሥራ ሳጣ «ለጊዜው» ብዬ ገባሁ፤ ይኸው 6 ዓመት ሆነኝ።

ሥራዬን ልንገርዎት። በሽተኛው መስኮት ላይ ይመጣል። የካርድ ቁጥሩን ይሰጠኛል። ካርዱን ከመደርደሪያ አውጥቼ ወደ ሐኪሙ ክፍል እልካለሁ። ማታ ደግሞ የተመለሱትን በየቁጥራቸው እመልሳለሁ። በቃ ይኸው ነው። ቁጥሩን የጣለ ሰው ሲመጣ በስም እፈልጋለሁ። በከተማችን ስንት መሐመድና ስንት ፋጡማ እንዳለ እርስዎም ያውቃሉ። አዲስ ካርድ ማውጣት 2 ደቂቃ ነው። አሮጌውን መፈለግ አንዳንዴ 15 ደቂቃ ይፈጃል። እኔ መፈለጉን እመርጣለሁ። ሰልፉ ይረዝማል፤ እሰደባለሁ። ስማቸው የሚመሳሰሉትን የምጽፍባት፣ በራሴ ገንዘብ የገዛኋት አንዲት ደብተርም አለችኝ።

ባለፈው ወር የባለቤቴ እህት ከዱባይ መጣች። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቡና እየጠጣን ሳለ «ዲግሪ ይዘሽ ካርድ ታወጫለሽ?» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። ባለቤቴም ሳቀ። እዚሁ ጅማ መርካቶ ሱቅ ልክፈትልሽ፣ ልብሱን እኔ እልካለሁ ብላኛለች። ትርፉ ከደሞዜ በብዙ እንደሚበልጥ አላጣሁትም። ግን እሺ ማለት አቃተኝ፤ ለምን እንዳቃተኝም አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ እግሬ አልታዘዝ ይለኛል። ሥራዬ ትርጉም አለው? ወይስ ራሴን እያታለልኩ ነው?

*የካርድ ክፍሏ፣ ከጅማ*

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። እኔም የመስኮት ሰው ነበርኩ። 33 ዓመት በላቦራቶሪ ቴክኒሺያንነት ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። የላቦራቶሪና የካርድ ክፍል ሰው ዕጣው አንድ ነው። በሽተኛው ሲድን ሐኪሙን ይመርቃል። ሲዘገይበት የእኛን መስኮት ይደበድባል። ስለዚህ የምጽፍልሽ ከሩቅ ሆኜ አይደለም።

ስለ ሱቁ ከማውራታችን በፊት ስለ ደብተሯ እናውራ። በአንድ መስመር ጠቅሰሻት አለፍሽ። እኔ ግን እዚያ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ደብተሯን ማን አዘዘሽ? አለቃሽ አዘዘኝ አላልሽም። በሥራ ዝርዝርሽ ላይ እንደማትኖርም እገምታለሁ። አበል አይከፈልባትም። አንቺ ግን በራስሽ ገንዘብ ገዝተሽ ትጽፊባታለሽ። ሥራው ከንቱ የሆነበት ሰው ደብተር አይገዛም፤ ሰዓቱን ነው የሚያየው።

አሮጌውን ካርድ ስትፈልጊ ምን እየሠራሽ እንደሆነ ከውስጥ በኩል ልንገርሽ። ምክንያቱም የነገረሽ ያለ አይመስለኝም።

አንዲት እናት መጣች እንበል። ደክሟታል፤ ፊቷ ገርጥቷል። ደሟ ወደ እኔ ይመጣል። የደም ማነስን የሚያሳየውን ሄሞግሎቢን ለክቼ 9 ብዬ እጽፋለሁ። አዲስ ካርድ ከሆነ ሐኪሙ የሚያየው 9 የሚለውን ቁጥር ብቻ ነው። አሮጌው ካርድ ከተገኘ ግን ሌላ ነገር ያያል። ከሦስት ወር በፊት 12 ከነበረ ሴትየዋ ደም እየጎደላት ነው፤ ምክንያቱ በቶሎ መፈለግ አለበት። ከሦስት ወር በፊት 7 ከነበረ ደግሞ የተሰጣት መድኃኒት እየሠራላት ነው፤ ትቀጥላለች። ቁጥሩ ያው 9 ነው። ትርጉሙን የሚሰጠው አንቺ ከመደርደሪያው ያወጣሽው ወረቀት ነው።

የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛም እንዲሁ። መድኃኒቱ ብዙውን ጊዜ 6 ወር ይወሰዳል። መሐል ላይ ያቋረጠ ሰው ዓመት ቆይቶ እያሳለ ሲመለስ፣ በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ይህን የሚጠረጥረው ሰውየው ከዚህ በፊት መድኃኒት መጀመሩን ካወቀ ነው። ሰውየው ራሱ ላይናገር ይችላል። ያፍራል፤ ወይም ይፈራል። ካርዱ ግን አያፍርም። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ካርድስ? በቀይ የተጻፈችው መስመር ያለችው አሮጌው ላይ ነው።

15 ደቂቃ ስትፈልጊ የምትሰደቢው ለዚህ ነው።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። ለብዙ ሰው ያወራሁት ነገር አይደለም።

በ1989 ዓ.ም. በጊቤ በኩል ቆላው ላይ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ወባ ይነሳል። እስከ ታኅሣሥ ድረስ እረፍት የሚባል የለም። የወባ ምርመራ እንዴት እንደሚሠራ ታውቂ ይሆናል። ከጣት ጠብታ ደም ትወስጃለሽ። «ስላይድ» የሚባል ትንሽ መስታወት ላይ ትቀቢያለሽ። ሲደርቅ ጊምሳ በሚባል ቀለም ትነክሪዋለሽ። ከዚያ ዘይት ጠብ አድርገሽ በማይክሮስኮፕ ታያለሽ። በሌንሱ ውስጥ የምትታየውን አንዲት ክብ «ፊልድ» እንላታለን። ስላይዱን ገፋ ስታደርጊው ሌላ ፊልድ ይመጣል።

ደንቡ እንዲህ ነው። የወባው ጥገኛ ከታየሽ ታየ። ካልታየሽ ግን «የለም» ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት ቢያንስ 100 ፊልድ ማየት አለብሽ። ለአንድ ሰው ወደ 10 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። 100ውን ስትቆጥሪ አጠገብሽ ቆሞ የሚቆጥር የለም። 30 አይተሽ ብትተዪው ወረቀቱ ላይ ልዩነት የለውም። የሚጻፈው ቃል ያው «የለም» ነው።

ዓርብ ነበር፤ ወደ አሥር ሰዓት ከሰዓት። በዚያ ቀን ከ60 በላይ ስላይድ አይቻለሁ። ዓይኔ ይንሰፈሰፋል። የአንድ አራት ዓመት ልጅ ስላይድ ደረሰኝ። ወደ 30 ፊልድ አየሁ። ምንም የለም። የመጨረሻዋ መኪና ልታመልጠኝ ነው። «የለም» ብዬ ጻፍኩና ወጣሁ።

ልጁ እሁድ ሌሊት እያንቀጠቀጠው ተመለሰ። ራሱን አያውቅም። ኩዊኒን የሚባለው የወባ መድኃኒት በግሉኮስ ተሰቀለለትና ወደ ጅማ ተላከ። እኔ ሰኞ ጠዋት ስገባ ነው የሰማሁት። ስላይዶች ለቁጥጥር ይቀመጡ ስለነበር የእሱን ከሳጥኑ አወጣሁት። እንደገና ከአንድ ጀምሬ ቆጠርኩ። 41ኛው ፊልድ ላይ ቀለበት የምትመስል ትንሽ ነገር አየሁ። ፋልሲፓረም። ከሁለቱ የአገራችን ዋና ዋና የወባ ዓይነቶች ይበልጥ ነፍስ የሚያጠፋው እሱ ነው። ከቆምኩበት ቦታ 11 ፊልድ ብቻ ነበር የቀረኝ።

ልጁ ተረፈ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቱ ይዛው መጣች። ዶሮና እንቁላል ይዛ ሠራተኛውን ሁሉ እየዞረች አመሰገነች። የእኔንም እጅ ይዛ መረቀችኝ። አልነገርኳትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ 25 ዓመት ሠርቻለሁ። 100ውን ሳልቆጥር «የለም» ብዬ የጻፍኩበት ቀን የለም። ደሞዜ ለዚህ ብሎ አልጨመረም። አለቃም አላወቀልኝም። ግን ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ምን እንደሆነ ተጠራጥሬ አላውቅም። ስላይዱ ጫፍ ላይ ቁጥር ይጻፋል፤ ለእኔ ከዚያ ወዲያ ቁጥር መሆኑ ቀረ።

እናቴ ይህን ነገር ያለ ማይክሮስኮፕ ታውቀው ነበር። ቡና ለቃሚ ነበረች። እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ አንድ መጋዘን ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር መሬት ላይ ትቀመጣለች። አፍና አፍንጫዋን በሻሽ አስራ ፊቷ የተከመረውን ቡና ፍሬ በፍሬ ትለቅማለች። ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ተባይ የበሳውን፣ ጠጠሩን ታወጣለች። ክፍያው በኪሎ ነበር። በኪሎ ሲከፈል የሚያተርፈው እጁ የፈጠነ እንጂ ዓይኑ የጠራ አይደለም። ለውጭ የሚላከውን ቡና አገር ውስጥ መሸጥ ክልክል ስለነበር የለቀመችውን ቀምሳው አታውቅም። ቤታችን የሚፈላው ግርዱ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ደጃፉ ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ። አንዲት ጥቁር ፍሬ ከእጇ አምልጣ ወደ ተለቀመው ክምር ገባች። እናቴ ክምሩን በሁለት እጇ እየበተነች ፈለገቻት። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት «ተዪው እባክሽ፣ ማን ያውቅብሻል?» አለቻት። እናቴ ቀና ሳትል «ሰው ሊጠጣው አይደል?» አለች። ፈልጋ ፈልጋ አገኘቻት።

ማን ይጠጣዋል? የት አገር ነው? እናቴ አታውቅም። ቡናው ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዓለም በካርታ እንኳ አይታው አታውቅም። ግን በሐሳቧ አንድ ሰው ነበራት። አንቺ ከእናቴ የተሻለ ዕድል አለሽ፤ ካርዱን የምትፈልጊለት ሰው መስኮቱ ላይ ቆሟል። ፊቱን ታዪዋለሽ።

ኤሚ ርዝኔስኪና ጄን ዳተን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞችን አነጋግረው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2001 ጽፈው ነበር። ሠራተኞቹ የሥራ መደባቸው አንድ፣ ሥራቸውም አንድ ነበር። አንዳንዶቹ ሥራቸውን ሲያስረዱ «እናጸዳለን» አሉ፤ ሥራውንም ብዙም አይወዱትም። ሌሎቹ ግን ራሳቸውን ከሚያስታምሙት ሰዎች ቆጠሩ። ከበሽተኛ ጋር ያወራሉ። መንገድ የጠፋበትን ጠያቂ ይመራሉ። ማንም ሳያዛቸው ሥራቸውን ራሳቸው አስፍተውት ነበር። ይህን ሳነብ ያንቺ ደብተር ዓይነት ነገር በሌላ አገርም አለ ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ገንዘብን አልንቅም። የቡና ለቃሚ ልጅ ገንዘብን አይንቅም። ቁጭ በይና በወረቀት አስቢው። የቤት ኪራዩ፣ ጤፉ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት። የሁለታችሁ ገቢ ተደምሮ ልጆቻችሁን መመገብና ማስተማር ካቃተው ነገ ሱቁን ክፈቺ። ማንም አይፍረድብሽ፤ አንቺም በራስሽ አትፍረጂ። ልጅ ጦሙን እያደረ «ሥራዬ ትርጉም አለው» ማለት አይቻልም።

ሱቅም እኮ ባዶ ሥራ አይደለም። በእኛ ሰፈር የልጆች ዩኒፎርም የምትሰፋና የምትሸጥ ሴት አለች። ሁልጊዜ እጅጌውን ትንሽ አስረዝማ አጥፋ ትሰፋዋለች። ልጁ ሲያድግ እናቱ እጥፉን ትፈታዋለች፤ ዩኒፎርሙ ሁለተኛ ዓመት ያገለግላል። በዚህ ምክንያት የምትሸጠው ያንሳል። መስከረም ላይ በሯ ላይ የሚቆመውን ሰልፍ ብታዪ ግን ምን እንዳተረፈች ይገባሻል።

ስለዚህ ጥያቄው ሱቅ ወይስ ካርድ ክፍል አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሱቁን ስታስቢ ማን ይታይሻል? ገብታ ልብስ የምትለካው ደንበኛ ትታይሻለች? ወይስ የባለቤትሽ እህት ፊት? ደንበኛዋ ከሆነች ሱቁ ያንቺ ሊሆን ይችላል። የእህትየዋ ፊት ከሆነ ግን አንድ ዱባይ ያለች ሴት እንዳትስቅ ብለሽ ነው የምትሠሪው። እሷ ደግሞ በዓመት አንዴ ብትመጣ ነው። ሸቀጡም የእሷ፣ ገንዘቡም የእሷ ሲሆን ሳቁ ይብሳል እንጂ አይቀርም።

በእሷ ብዙም አልፍረድ። በሰው አገር ሠርቶ ለመጣ ሰው ድካሙ የሚለካው ባመጣው ነገር ነው፤ ሌላ መለኪያ የሰጠው የለም። ያመመኝ የእሷ ሳቅ አይደለም። «ባለቤቴም ሳቀ» ያልሽው ነው። አንቺም ያመመሽ እሱ ይመስለኛል። እግርሽ አልታዘዝ ያለው በሥራሽ ምክንያት ላይሆን ይችላል። በዚህ በጣም እርግጠኛ ነኝ ባልልሽም፣ ልብ ብለሽ እዪው።

እስቲ አንድ ነገር አድርጊ። ሰኞ ጠዋት፣ ሰልፉ በሚበዛበት ሰዓት፣ ባለቤትሽን ወደ ሥራሽ ውሰጂው። አታስረጂው፤ አትከራከሪው። መስኮቱ አጠገብ ለአንድ ሰዓት ይቁም። ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ቁጥራቸውን ጥለው ሲመጡ፣ «መቃን ሃዻ ኬሳኒ ኤኙ?» ብለሽ የእናታቸውን ስም ስትጠይቂ ይስማ። በሦስት ስም የተምታታው በእናት ስም ሲለይ ይይ። ካርዱ ሲገኝ የሴትየዋን ፊት ይመልከት። ከዚያ ቤት ስትገቡ ምን እንደሚል ትሰሚያለሽ።

ሌላው ዲግሪሽ ነው። ማኔጅመንት ተምረሻል። ካርድ ክፍል የጎደለው ደግሞ እሱው ነው። ለአንድ ወር ቁጠሪ። በቀን ስንት ሰው ቁጥር ጥሎ ይመጣል? ለስንት ሰው ሁለት ካርድ ወጥቶለታል? በጅማ ዝናብ ስንቱ ካርድ ሻግቶ ጽሑፉ ጠፍቷል? የታችኛው መደርደሪያ ላይ ያሉት መጀመሪያ እንደሚበላሹ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ይህን ጽፈሽ፣ የእናት ስም በመዝገቡ ላይ ይጨመር ብለሽ፣ ከደብተርሽ ጋር ለኃላፊሽ አቅርቢ። እምቢ ሊሉሽ ይችላሉ። እኔም አንድ ሰው በቀን የሚያየው ስላይድ ይወሰን ብዬ ሁለቴ ጽፌ ሁለቴም መልስ አላገኘሁም። በሦስተኛው ተጨማሪ ሰው ተቀጠረ። የተማርሽው ትምህርት ባክኖ የቀረ የሚመስልሽ እስካሁን እዚያው መስኮት ላይ ስላልሞከርሽው ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ደግሞ ይህ ነው። አንድ ቀን ሰዓት ሲኖርሽ፣ ፈልገሽ ያገኘሽውን አንድ ካርድ ተከተዪ። ውስጡን አታንብቢ፤ እሱ የበሽተኛውና የሐኪሙ ምስጢር ነው። ሰውየው ሐኪም ክፍል ገብቶ እስኪወጣ፣ መድኃኒት ቤት እስኪደርስ ብቻ እዪው። እኔ ያን ልጅ ዓይኔ እያየ ከእናቱ ጋር በበሩ ሲወጣ ባላየው ኖሮ፣ ምናልባት እስከ ጡረታዬ 30 ፊልድ እያየሁ እኖር ነበር።

ሱቁንም መረጥሽ ካርድ ክፍሉን፣ ደብተሯን አትጣያት። ምን እንደወሰንሽ ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ጅማ ውስጥ 28 ዓመት የነገድኩ ሰው ነኝ። ከገበሬ ቡና እየሰበሰብኩ አቀርባለሁ። ልጄን በሲቪል ምሕንድስና አስመረቅኩት። ደህና የመንግሥት ሥራ ይዟል። አሁን ሥራውን ለቅቄ በርጩማ ልጥረብ ይላል። «ለምን?» ስለው «ደስ የሚለኝ እሱ ነው» ይለኛል። ደስታ ይበላል ወይ? ሰው «ልጅህ ምን ይሠራል?» ሲለኝስ ምን ልበል?

*አባት፣ ከጅማ*

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ነው የጠየቁኝ። «ይበላል ወይ?» የሚለው የአባት ጥያቄ ነው፤ ልክ ነዎት። «ሰው ምን ይለኛል?» የሚለውን ግን ለጊዜው እናስቀምጠው። እርስዎም 28 ዓመት ሲነግዱ ሰው ያላለዎት ነገር አይኖርም፤ ሱቅዎን አልዘጉም።

ልጅዎን እንደ ነጋዴ ይጠይቁት። እንጨቱን ከየት ነው የምታመጣው? ዋንዛ እንደ ልብ አይቆረጥም፤ ከመንግሥት ደን መቁረጥ ክልክል ነው። በሳምንት ስንት ትጨርሳለህ? ገዢህ የሐሙስ ገበያተኛ ነው ወይስ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው? መልስ ካለው አስቦበታል። መልስ ከሌለው ቢሮ ሰልችቶት ይሆናል፤ ያ ሌላ ነገር ነው። ለመሰልቸት የዓመት ፈቃድ ይበቃዋል።

«ደስ ይለኛል» የሚለው ቃል ብቻውን አያጠግበኝም። የመጀመሪያው በርጩማ ደስ ይላል። አርባኛው እጅን ያቆስላል። ስለዚህ «ለማን ነው የምትሠራው?» ይበሉት። የጅማ በርጩማ፣ እርስዎ እንደሚያውቁት፣ ከአንድ ግንድ የሚወጣ ነው። ምስማር የለው፣ ሙጫ የለው። ሦስት እግር ስላለው ባልተስተካከለ የአፈር ወለል ላይ እንኳ አይወዛወዝም። ይህን ያሰበው ሰው የሚቀመጥበትን ሽማግሌ ያሰበ ሰው ነው። ልጅዎ ስለሚቀመጥበት ሰው ከነገረዎት ያዳምጡት። ስለ ራሱ ብቻ ካወራ ትንሽ ይቆይ ይበሉት።

ጂሬን ላይ ያለውን የአባ ጂፋር ቤተ መንግሥት ልጆችዎን ወስደው አሳይተው ይሆናል። ዳግማዊ አባ ጂፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙ ንጉሥ ናቸው። ያ ሁሉ የእንጨት ሥራ ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል። የጠረበው እጅ የማን እንደሆነ እኔ አላውቅም። ደረጃውን ስወጣ ግን ሁልጊዜ የማስበው ያንን እጅ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለእርስዎ። 28 ዓመት ከገበሬ ጋር ኖረዋል። የማና፣ የጎማ፣ የሊሙ ወረዳ ሰው በስም ያውቅዎታል። የማን ጀንፈል (ከነገለባው የሚደርቀው ቡና) በደንብ ደርቆ እንደሚመጣ፣ ማን ቸግሮት እርጥቡን እንደሚያመጣ ያውቃሉ። ሚዛንዎን ተማምኖ ሳይቆጥር የሚሄድ ገበሬ መኖሩ አይቀርም። ያ ከትርፉ በላይ የሚያኮራዎት ነገር ይመስለኛል። ይህን ለልጅዎ ነግረውት ያውቃሉ? ብዙ አባቶች ለልጃቸው የትርፍ ሒሳቡን ያሳዩታል፤ ይህኛውን ግን ይዘውት ይቀራሉ። ልጁም አባቱ ለገንዘብ ብቻ የኖረ ይመስለውና ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

ውሳኔውን በጋው እስኪያልፍ ያቆዩት። ልጅዎ ሥራውን ሳይለቅ፣ ቅዳሜና እሁድ አንድ በርጩማ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው በእጁ ይጥረብ። ሲጨርስ ቤትዎ ውስጥ ግድግዳ ጥግ ያስቀምጡት። በጋው ይለፍበት። እንጨቱ ሳይደርቅ ከተጠረበ በደረቁ ወራት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ይህን የሚደብቅ ቀለም የለም። ከተሰነጠቀ ገና የሚማረው አለው፤ አንድ ጥሩ ባለሙያ ዘንድ ሄዶ ይማር። ካልተሰነጠቀ አንድ ለእኔ ይዘዙልኝ። ዋጋው ሳይቀነስ።